ጫፉ የተቆረጠው አበባ

ባለፈው ጥቅምት የልጅ ልጄ ፀጋ ከጓደኞቿ ጋር አንበሪቾ ወጥታ መጣች። ተራራው አሁን ደረጃ ተሠርቶለታል። እኛ ድሮ ሣር እየጨበጥን የወጣነውን አቀበት የዛሬ ልጆች እየተሯሯጡ ይወጡታል፣ መሃል ላይ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፣ ይወርዳሉ። ፀጋም ሆሳዕና ቤቴ እንደገባች ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ስልኳን ታሳየኝ ጀመር። እሷ፣ ጓደኛዋ፣ ደመናው፣ እንደገና እሷ። መጨረሻ ላይ አንዲት አበባ መጣች።

«ይቺን ስልኩ አላወቃትም» አለችኝ። ፎቶ ሲያሳዩት የዕፅዋት ስም የሚናገር መተግበሪያ አላት። «አንዴ ኮሸሽላ ነው ይላል፣ አንዴ እርግጠኛ አይደለሁም ይላል። አንቺ የባዮሎጂ አስተማሪ አልነበርሽ እማማ? በይ ንገሪኝ።»

መነጽሬን ፈልጌ አደረግሁና ስልኩን ወደ መስኮቱ ወሰድኩት። ከዚያ እዚያው መስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ስኳርሽ ነው?» ብላ ብድግ አለች።

ስኳሬ አልነበረም።

ነገሩ የሆነው ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ልገባ ስል ነው። ያን ዓመት ትምህርት ዘግይቶ ስለነበር ሆሳዕና እናቴ ቤት ተቀምጬ ጥሪ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ጋሽ ወርቁ በራችን ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ጋሽ ወርቁ የዩኒቨርሲቲያችን የደረቁ ዕፅዋት ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ኃላፊ ይባሉ እንጂ ዲግሪ የላቸውም። በጥበቃነት ተቀጥረው፣ ሊቃውንቱ ሣር ቅጠሉን ሲያደርቁና ሲለጥፉ እያዩ፣ እያገዙ፣ በስተኋላ ሊቃውንቱ ራሳቸው «ይሄ ምንድን ነው ወርቁ?» ብለው የሚጠይቋቸው ሰው ሆኑ። ቀጭንና አጭር ናቸው፤ የካፖርታቸው ኪስ ሁልጊዜ በሲባጎና በአሮጌ ፖስታ እንደተወጠረ ነው።

«ሀዲይኛ ትችያለሽ፣ ከምባትኛም ትሞካክሪያለሽ አሉ። ዐሥር ቀን ታግዢኛለሽ?» አሉኝ። እናቴ ከእኔ ቀድማ እሺ አለች።

የመጡት ለአንዲት ተክል ነው። ከዓመታት በፊት አንበሪቾ አናት ላይ ካለው የሣር ሜዳ አንድ የደረቀ ግንድ አግኝተው ነበር፤ ሥርና ቅጠል አለው፣ አበባ የለውም። ቅጠሉ ጀርባው ነጭ ፀጉር የለበሰ፣ የኮሸሽላ ዘመድ መሆኑ የሚያስታውቅ፣ ግን ከሚያውቋቸው ከአንዱም ጋር የማይገጥም። ውጭ አገር ላሉ ሊቃውንት ልከውት «አዲስ ሊሆን ይችላል፤ አበባው ሳይታይ ግን ስም ሊወጣለት አይችልም» የሚል መልስ መጣላቸው። ደብዳቤው አራት ቦታ ታጥፎ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው። በሰኔ ጡረታ ይወጣሉ። ያቺ ጥቅምት የመጨረሻ ዕድላቸው ነበረች፤ ይህን እሳቸው አልነገሩኝም፣ ደብዳቤውን በቀን ስንቴ እንደሚነካኩት አይቼ ነው ያወቅሁት።

መጀመሪያ ከሆሳዕና ብዙ ወደማትርቀው ፎንቆ ወረድንና ለሦስት ቀን የመንገድ ዳር ኮሸሽላ ስንለቅም ከረምን። እዚያ ነው ማየት ያስተማሩኝ።

«ሰው ኮሸሽላ ሲያይ እሾህ ነው የሚያየው» ይሉኛል። «ቀለሙ ሐምራዊ ሆነ ነጭ፣ እሱ ለንብ ነው። አንቺ አንገቱን እዪ።»

አንገት የሚሉት የአበባውን ራስ ከሥር ተደራርበው የሚያቅፉትን ትንንሽ ቅርፊቶች ነው። የአንዱ ቅርፊት ጫፉ እሾህ ነው፣ የሌላው ለስላሳ ጭራ፣ የሌላው ደግሞ እንደ ዓይን ሽፋሽፍት የተበጠረ ፀጉር። ዘመድ ከዘመድ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። በማጉያ መነጽር እያየን የስንቱን አንገት ቆጠርን መሰላችሁ! የፎንቆው ዓይነት ራሱ ድቡልቡል ነው፣ የየቅርፊቱ ጫፍ አንዳንድ ቢጫ እሾህ አለው። ያየነውን በጋዜጣ መሃል እያስተኛን በሁለት የእንጨት ርብራብ መሃል በጠፍር እናስረዋለን፤ ማታ ማታ ጋዜጣውን መቀየር የእኔ ሥራ ነው።

ከዚያ ተራራው ግርጌ ወዳለችው አንጋጫ ሄድንና አቶ ላሬቦ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቤት አረፍን። የገባነው ዓርብ ቀን ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች በቅቤ የራሰ ቡላ አቀረቡ። እኔ እጄን ታጥቤ ስጠባበቅ ጋሽ ወርቁ ፆም ላይ መሆናቸውን ሲናገሩ የሴትዮዋ ፊት ጥቁር አለ። እነሱ ወንጌላውያን ናቸው፣ ዓርብን አያስቡትም። ጋሽ ወርቁ ተጨንቀው «ልጅቷ የእኔንም ድርሻ ትበላለች» አሉ፤ እውነትም በላሁ። ለእሳቸው ድንችና ጎመን ተቀቀለ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ወይዘሮ አበበች ፀሐይ ሳይሞቅ ቡላውን ደግመው አቅርበው እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆሙ።

በማግስቱ የጋሽ ወርቁ ጉልበት አብጦ አደረ። መቆም አልቻሉም። አቶ ላሬቦ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ጭነት መኪና ለምነው ጋቢና አስቀመጧቸው፤ እዚያ ሐኪም አይቷቸው ሆቴል ይጠብቁኛል። እኔ ተራራውን ወጥቼ እከተላለሁ። ከመኪናው መስኮት አንገታቸውን አውጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ካገኘሻት ሁለት ብቻ። ከነሥሯ። አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ጭንሽ ላይ። ለማንም እንዳትሰጪ፣ ጣራ ላይ እንዳይጫን። ምሕረት፣ ሰማሽኝ?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ሰኞ ከወይዘሮ አበበች ጋር ወጣን። ገብሱ ማሳው ላይ ቢጫ ሆኗል፣ ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ውሃ ሆነ። ሴትዮዋ በየእረፍቱ «ይሄ ነገር ለመድኃኒት ነው?» ይላሉ። አይደለም እላለሁ። «ከብት ይበላዋል?» እንጃ። «ታዲያ ያን ሽማግሌ ከአዲስ አበባ ድረስ ምን አመጣው?» ስም ልናወጣላት ነው አልኳቸው። ቆም ብለው አሰቡና «እሱስ ጥሩ ነው፤ ስም የሌለው ፍጥረት ያሳዝናል» አሉ።

ያገኙዋትም እሳቸው ናቸው። አናቱ አጠገብ፣ አንዲት የድንጋይ እርከን ላይ፣ ሰባት ሆነው ቆመዋል። ተንበረከክሁ። አበባዋ ነጣ ያለ ሐምራዊ ነው። አንገቷን ሳይ እሾህ የለም፤ የየቅርፊቱ ጫፍ የብር ቀለም ያለው ሽፋሽፍት ነው፣ ነፋስ ሲነካው ይርገበገባል። እንዲህ ያለ አንገት አይቼ አላውቅም ነበር። ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ሁለት ነቀልኩ፣ አምስት ተውኩ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ። በማግስቱ አንጋጫ አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ሁለት የሆሳዕና የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ተቀምጠዋል። አስተማሪዎች ሆነዋል፤ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል፣ የእጅ ቦርሳ ይዘዋል። እኔ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ በጠፍር የታሰረ እንጨትና ጋዜጣ አቅፌ ቆምኩ። አንደኛዋ «ዩኒቨርሲቲ ገባች ሲሉን ጭራሮ ለቀማ ነው እንዴ?» አለች። ለቀልድ ነው፣ ክፋት አልነበረባትም። ግን ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ። ረዳቱ «እህቴ፣ ላይ ልጫንልሽ?» ሲለኝ ሰጠሁት። ሰጠሁትና ከጓደኞቼ መሃል ተቀመጥኩ፣ እስከ ሆሳዕናም ስንስቅ መጣን።

ጣራው ላይ ፍየሎች ነበሩ።

መናኸሪያ ተሸካሚው ጥቅሉን ሲያወርድልኝ ጠፍሩ ላልቶ፣ ጋዜጣው ተቦጫጭቆ ነበር። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ነው መቼም» ብሎ ሳቀ። እዚያው መሬት ላይ ፈታሁት። የታችኞቹ የፎንቆ ዕፅዋት ደህና ናቸው። ከላይ የነበሩት የእኔ ሁለቱ ግን ከሥርና ከታችኛው ቅጠል በስተቀር የሉም። አንድም አበባ አልቀረም።

ሆቴል ሄጄ ጋሽ ወርቁን በበር በኩል ነው ያየኋቸው። ጉልበታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝተዋል። «አገኘሻት?» አሉ፤ ቀና ለማለት ሲሞክሩ ፊታቸው የልጅ ፊት ሆነ። «አዎ» አልኩ። ይህ እውነት ነበር። «አትክፈቻት፣ ትድረቅ። ከነገ ወዲያ ታመጫታለሽ» አሉኝ። ይህን ሲሉ ነው ውሸቱ ቦታ ያገኘው።

በማግስቱ ፎንቆ ሄድኩ። የመንገድ ዳሩን ዓይነት ድቡልቡል ራሶች ቆረጥኩ፤ ቤት አምጥቼ በጥፍር መቀስ የየቅርፊቱን ቢጫ እሾህ አንድ በአንድ ከረከምኩ፤ እሾህ ካለው የፎንቆው መሆኑ ይታወቃል፣ ባዶውን ግን ሽፋሽፍቱ ረግፎ ነው ይላሉ ብዬ። ከዚያ በጋዜጣ ሸፍኜ በእናቴ የከሰል ካውያ ተኮስኳቸው። ከአንበሪቾው ግንድ ጋር በቀጭን ክር ገጠምኳቸው። ሥራው ያምር ነበር። እግዜር ያልፈጠራትን አንዲት ተክል ፈጥሬ ጋሽ ወርቁ ዘንድ ወሰድኩ።

ማጉያውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ተክሏን እያገላበጡ አዩ። ከዚያ «እስክሪብቶ ያዢ» አሉኝ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሥሩ ርዝመት፣ የቅጠሉ ጀርባ። አንገቱ ላይ ደረሱ።

«ቅርፊቶች... ጫፋቸው ደልዳላ። እሾህ የሌለው፣ ሽፋሽፍት የሌለው። ልክ በመቀስ እንደተቆረጠ። ጻፍሽ? ምሕረት፣ እንዲህ ያለ በየትኛውም መጽሐፍ የለም! ሠላሳ ዓመት አላየሁም!»

እስክሪብቶው አልሄድ አለኝ። እንባዬ ወረቀቱ ላይ ወረደ። እሳቸው ደስታ መስሏቸው ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርጉኝ ባሰብኝ።

«ጋሼ፣ የቆረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ ጓደኞቼን፣ ረዳቱን፣ ፍየሉን፣ ፎንቆን፣ ካውያውን።

ማጉያውን አስቀመጡ። የተገጠመውን ራስ በሁለት ጣታቸው ይዘው ክሩን አዩት። «እኔስ ምን ነካኝ?» አሉ ለራሳቸው። «የፎንቆውን ዕቃ በጨለማ እለየው የለ እንዴ።» አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ነገ ተመልሼ እወጣለሁ» አልኩ። «አምስት አሉ፣ ቦታውን አውቀዋለሁ፣ በሁለት ቀን አመጣልዎታለሁ።»

ደብዳቤውን ከኪሳቸው አወጡ። ዘርግተው ሳያነቡት መልሰው አጠፉት።

«ሰባት ነበሩ አልሽ?»

«ሰባት።»

«እኔ ያኔ ስወጣ ያገኘሁት አንዲት ነበረች፤ እሷንም ነቀልኳት። አሁን አምስት ቀሩ።» ረጅም ጊዜ ጉልበታቸውን ዳሰሱ። «ተያቸው። ዘር ይጣሉ።»

«ግን ጋሼ፣ ስሙ...»

«ስም ይቆያል። እነሱ ካለቁ ስሙን ለማን ልትሰጪው ነው?»

ከዚያ ትራስ ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑና «አንቺ ግን አይተሻታል። በይ ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው። ነጣ ያለውን ሐምራዊ፣ የብር ሽፋሽፍቱን፣ ነፋስ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን። ሁለቴ አስደገሙኝ። ልጽፈው እስክሪብቶ ሳነሳ ግን እጄን ያዙ፤ «በእጃችን የሌለውን አንጽፍም» አሉኝ። ክሩን በጥንቃቄ ፈታን። የፎንቆውን ራስ በፎንቆ ስም ለየነው። ለአንበሪቾው ግንድ የሚለጠፈውን ወረቀት በራሳቸው እጅ ጻፉ፦ «አበባውን በመንገድ ላይ ፍየል በልታዋለች።» ሲጨርሱ ትንሽ ፈገግ አሉ፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

በሰኔ ጡረታ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ፤ አበባዋን ሳያዩ። እኔ ተመርቄ ሆሳዕና አስተማሪ ሆንኩ። ያቺን እርከን ፍለጋ ሦስት ጊዜ ወጥቻለሁ፤ ድንጋዩ ተንዶ ባዶ ሆኖ ነው ያገኘሁት። አምስቱም አለቁ፣ ጋሼንም በከንቱ አስከፈልኳቸው ብዬ ኖርኩ። ለተማሪዎቼ «ያላያችሁትን አትጻፉ» ስል ብዙ ጊዜ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞር ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ነግሬያቸው አላውቅም።

በፀጋ ስልክ ውስጥ ያለችው ሽፋሽፍት ነበራት። የብር ሽፋሽፍት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አብረን ሄድን። ደረጃውን እያረፍኩ፣ ፀጋ ከኋላ እየደገፈችኝ፣ ግማሽ ቀን ፈጀብን። ከአሮጌው እርከን ብዙ በታች፣ ከደረጃው ጎን ያለው ሣር ውስጥ ነበሩ። እኔ ላይ ስፈልጋቸው ነፋስ ዘራቸውን ወደ ታች አውርዶት ኖሯል።

«ስንት ናቸው?» አልኳት፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ደህና አድርጎ አያይም ነበር።

«ይሄ ይቆጠራል እንዴ እማማ?» አለች። «ቁልቁል ድረስ እኮ ነው።»

ሁለት ነቀልን፣ ከነሥራቸው። ጋዜጣ ከቤት ይዤ ነበር። ወረቀቱን እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጻፍኩት፤ መጀመሪያ ያገኛት በሚለው ፊት የጋሽ ወርቁን ስም አኖርኩ። አዲስ አበባ አንድ የድሮ ተማሪዬ ዕፅዋት ክፍሉ ውስጥ ይሠራል፣ የቀረውን እሱ ያውቅበታል።

ስንመለስ አንጋጫ መኪና ውስጥ ስገባ ረዳቱ፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ጥቅሉን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

«እማማ፣ ይሄን ላይ ላድርግልዎት፣ ተመችተው ይቀመጡ።»

«ጭኔ ላይ ነው የሚሄደው» አልኩት።

ጫማዬ ጭቃ ነበር፣ ነጠላዬ ላይ ሣር ተሰክቷል። ኋላ የተቀመጡ ወጣት ሴቶች አሮጊቷ ያቀፈችውን ጭራሮ እያዩ ተሳሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ፤ እስከ ሆሳዕና ግን እጄን ከላዩ ላይ አላነሳሁም።