ከጠረጴዛ ሥር የወጡት ሱሪዎች

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ከስፌት መኪናው ቀድሜ ያየሁት ነጩን ሰሌዳ ነው። በየሰዓቱ ስንት ሱሪ መጨረስ እንዳለብን ይጻፍበታል፤ ታርጌት ይሉታል። እኔን ኪስ ላይ መደቡኝ። አጠገቤ ዚፕ የምትሰፋው ጫልቱ ገና ስሜን ሳትጠይቀኝ፣ "እህቴ፣ ምነው ተጣደፍሽ? ቀስ በይ፣ ታስፈጂናለሽ!" አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ነው። ታርጌቱን እንደሞላን ሥራ አስኪያጁ አቶ ተፈራ መጡና "ጎበዞች!" ብለው ቁጥሩን አጥፍተው ከፍ አድርገው ጻፉት። በማግስቱም እንደዚያው።

"ይሄማ የሃያ ሁለት ታክሲ ነው፤ ልንይዘው ስንደርስ ይነዳል" አልኩ። አፌ አያርፍም። አብረውኝ የሚሰፉት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ።

መላውን ግን ቀድመው አግኝተውለታል። ታርጌቱ ሲሞላ የተረፈውን ሱሪ ጠቅልለው ከጠረጴዛ ሥር ይሸጉጡታል። መብራት የጠፋ ወይም አንዷ የታመመች ቀን አውጥተው ያስቆጥሩታል። እኔም ቶሎ ለመድኩት። ኋላ ላይን የምንለው የስፌት መስመራችን ሱፐርቫይዘር ስሆን እንኳ አይቼ እንዳላየሁ አልፍ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት አቶ ተፈራ ቢሮ አስጠሩኝ። አስቸኳይ ትእዛዝ መጥቷል፤ እስከ ቅዳሜ ካላደረስን ላይናችን ይበተናል፣ እኛም በየላይኑ እንበታተናለን። ምሳ አብረን የምንበላ፣ በለቅሶ በሠርግ የምንደራረስ ሴቶች ነን።

"የሳምንቱን ታርጌት ልጻፍልሽ" አሉኝ።

"ይጻፉ። ግን እስከ ቅዳሜ እንዳይነኩት።"

"ቀድማችሁ ብትሞሉትስ?"

"ቀድመን ከሞላንማ ወደ ቤታችን!"

"አንቺ እኮ ጉደኛ ነሽ!" ብለው ሳቁ። ወጥተው ሰሌዳው ላይ ጻፉና ማርከሩን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። "በይ ያዥው፤ እኔም ራሴን አላምነውም።"

ለሴቶቹ ስነግራቸው ማን ይመነኝ! ጫልቱ "እስቲ ማርከሩን አሳዪን" አለች። ከጋውኔ ኪስ አወጣሁት። ትንሽ አየችውና ጎንበስ ብላ ከጠረጴዛዋ ሥር አንድ ጥቅል ሳበች። ቀጥሎ ከወዲያ ሌላዋ፣ ከወዲህ ሌላዋ።

አቶ ተፈራ ገና አልሄዱም ነበር። "ይሄ ሁሉ ሱሪ ከየት መጣ? ማነው የደበቀው?"

"እርስዎ ነዎታ!" አልኳቸው።

በዚያ ሳምንት እጃችን ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ እኛም ገና ያኔ አወቅነው። ዓርብ ከምሳ በፊት ሞላን። አቶ ተፈራ መጡ፤ "ጎበዞች!" አሉ፤ እጃቸው በልማድ ወደ ሰሌዳው ሄደ። ሴቶቹ ሁሉ መኪናቸውን አቁመው አዩዋቸው። ማርከር ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ፣ ዞረው እኔን አዩኝና እጃቸውን አወረዱ።

"ምን ትጠብቃላችሁ? ወደ ቤታችሁ!"

እልልታው ፓርኩን አናወጠው። ላይናችንም ሳይበተን ቀረ።

አሁን አዲስ አለቃ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ እነግረዋለሁ፦ ግብህን ጽፈህ ስትጨርስ ማርከሩን ለሠራተኛ ስጥ።