አቶ መርዳሳ ዝም ሲሉ የምትሮጠው ዴክ

እሺ ብላለች! ብላለች አልኳችሁ! ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ ያውም ሁለት ጊዜ። ማን አትሉኝም? የሺዓለም ናታ! እዚህ ናዝሬት ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ልብስ የምትሰፋው ጎረቤቴ፣ «እኔን የሚያገባ ሰው ገና ልኩ አልተወሰደም» እያለች አርባ ሦስት ዓመት የሞላት የሺ።

የሺን ለማታውቋት ላስተዋውቃችሁ። ሜትሯን ከአንገቷ የማታወልቅ፣ ደንበኛ ገና በር ላይ ቆሞ ሳለ ወገቡን በዓይኗ የምትገምት፣ ምላሷም ከመቀሷ የማይተናነስ ሴት ናት። ሙዚቃ ከሌለ የስፌት መኪናዋን አትረግጥም። ዐምና መርከበኛው ወንድሟ በአሰብ በኩል ሲገባ አንድ ዴክ የሚሉት የካሴት ማጫወቻ ይዞላት መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሠፈራችን ሌላ ሠፈር ሆነ። እኛ ካሴት ለማጠንጠን እስክሪብቶ ሰክተን እናሽከረክራለን፤ የሷ ዴክ ግንባሯ ላይ በአረንጓዴ መብራት ቁጥር ትቆጥራለች። አንድ ቁጥር ላይ ምልክት ከተደረገባት፣ ካሴቱ ሲመለስ እዚያው ስትደርስ ራሷ ቀጥ ትላለች። የሺ የየዘፈኑን ቁጥር የምትጽፍበት ደብተር ገዛች። ዘፈንን በስሙ መጥራት ቀረ። «ያንን የሰርግ ዘፈን እስቲ» ስትባል፣ «ሁለት መቶ ዐሥራ ስምንት በሉኝ!» ትላለች። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለመሠረተ ትምህርት በዓል ማርሽ ቅጂልን ብለው ቢመጡ እንኳ «ቁጥሩን ያውቁታል፣ ጓድ?» አለቻቸው። አላወቁትም። ፈልጋ እስክታገኝላቸው ቆመው ጠበቁ።

ከሁሉ የምትኮራው ግን በማቅመሻዋ ነው። ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት። ይህ ቁልፍ ሲጫን ዴኳ የእያንዳንዱን ዘፈን መጀመሪያ ዐሥር ሰከንድ ያህል ታሰማና፣ ጠቅ ብላ ድምፅ ሳታሰማ ወደፊት ትሮጣለች፤ ዘፈን ከዘፈን የሚለየውን ባዶ ቦታ ስታገኝ ቆማ የሚቀጥለውን ታቀምሳለች።

አሁን ወደ አቶ መርዳሳ ልምጣ። የአርሲ ነገሌ ሰው ናቸው፤ እዚያው እህል መጋዘን ሚዛን ላይ ነው ሥራቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆነ። በጥቅምት ኮት ሊያሰፉ ወደ የሺ መጡ። ቀጥሎ ቁልፉን ሊያጠብቁ መጡ። ቀጥሎ ያንኑ ቁልፍ ሊያላሉ መጡ። ነገሩ ለሠፈሩ ሁሉ ገብቶታል። ችግሩ፣ አቶ መርዳሳ አንድ ነገር ይሉና ዝም፤ ያሏትን ከላይ ከታች መርምረው ነው ሁለተኛዋን የሚያወጡት። «አካም ጅርቱ ብለው ሰላምታቸውን እስኪጨርሱ እኔ አንድ እጅጌ እሰፋለሁ» ትላለች የሺ። ፊት ለፊት መናገሩ ቢያቅታቸው፣ ሐሳባቸውን ካሴት ላይ ቀድተው በአውቶቡስ ረዳት እጅ ላኩ። ትናንት ማታ ደረሰ።

ዛሬ ጠዋት የሺ በራፌ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«አዩ፣ ነይ። ምስክር እፈልጋለሁ።»

«ምን ሆንሽ?»

«ሰውዬው ሰደበኝ። አንቺ ስሚልኝና፣ እዚያው ካሴት ላይ የኔን ስድብ ደርቤ እልክለታለሁ!»

ገባን። ከፈተችው። ጣቷ መቅጃው ቁልፍ ላይ ተዘጋጅቷል።

«ወይዘሮ የሺዓለም፣ እንደምን ሰነበቱ። መርዳሳ ነኝ።» ጠቅ።

«የሰፉልኝ ኮት ጠበበኝ።» ጠቅ።

«ሰው ሁሉ አግባ፣ አግባ ይለኛል። እኔ ማግባት አልፈልግም።» ጠቅ።

«ናዝሬት ሁለተኛ አልመጣም።» ጠቅ።

«ሰማሽ? አግባኝ ብዬ ለመንኩት? ደግሞ ኮቱ! እኔ የሰፋሁት ኮት ጠቦ ያውቃል?»

«ይሄ ጠቅ ጠቅ የሚለው ምንድን ነው?»

«እየዘጋ እየከፈተ ነዋ የቀዳው! ስድብ ሲያልቅበት ይዘጋል፣ ሲመጣለት ይከፍታል።»

ስለ ኮቱ ስትጮህ ድምፅዋ ደህና ነበር። «አልመጣም አለ እኮ» ስትል ግን ተሰበረባት፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ ነው ነገሩ የኮት እንዳልሆነ የገባኝ።

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አልኳት፤ ጣቷን ከመቅጃው ላስነሳት ብዬ እንጂ የዴክ ነገር የት አውቄ! ቁጥር ግን አነባለሁ። «ማግባት አልፈልግም» ሲሉ አረንጓዴው 41 ይላል። ጠቅ። «ናዝሬት» ሲሉ 52።

«የሺ፣ ከአርባ አንድ ቀጥሎ ሃምሳ ሁለት ነው እንዴ?»

«ምን አልሽ?»

«ዐሥሩን ምን በላው?»

ቁጥሩን አየች። ቁልፎቹን አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ትናንት የሰርግ ካሴት ስትመርጥበት የዋለችው ማቅመሻ እንደተጫነ አድሯል! አቶ መርዳሳ ሊያስቡ ዝም እንዳሉ ዐሥሩ ሰከንድ እያለቀ፣ ዴኳ የቀረውን ቃላቸውን ዘልላ እስከሚቀጥለው ዝምታ ስትሮጥ ኖሯል።

ማቅመሻውን አጠፋችው፤ ከዜሮ ጀመርን።

«የሰፉልኝ ኮት ጠበበኝ።» ዝም። ጠበቅን። «ጥፋቱ የስፌቱ አይደለም። እርስዎን ካወቅኩ ወዲህ ምግብ ይስማማኛል፤ ወፈርኩ።»

«እኔ ማግባት አልፈልግም።» ዝም። የሺ ክንዴን ጨመደደችው። አርባ ሁለት። አርባ ሦስት። አርባ አራት።

«እርስዎ ካልሆኑ።»

«ናዝሬት ሁለተኛ አልመጣም።» ዝም። «ሽማግሌ ሳልይዝ።»

የሺ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። «አቤት ሰውዬ! ይህን ሁሉ ዝምታ ከየት ነው የሚያመጡት?» ሰደበኝ የተባሉት ሰውዬ በአንድ አፍታ አንቱ ሆኑ። ዴኳን አርባ አምስት ላይ ምልክት አደረገችባት፤ አራት ጊዜ እየተመለሰች ቀጥ አለችልን፣ አራት ጊዜ «እርስዎ ካልሆኑ» ሰማን። ደብተሯ ላይም 45 ብላ ጻፈች። ከጎኑ ምንም አልጻፈችም።

ከዚያ ባዶ ካሴት አገባችና፣ አየር ስባ፣ «አቶ መርዳሳ እሺ ሽማግሌዎቹን ይላኩ እሺ ኮቱንም ይዘው ይምጡ አሰፋዋለሁ!» አለች፤ በአንድ ትንፋሽ።

«ኧረ መሃል ላይ ተንፍሺ!»

«የለም! የሳቸው ቴፕ ምን ዓይነት ጠባይ እንዳላት በምን አውቃለሁ?»

ካሴቱን ለረዳቱ ሰጥቼ ተመለስኩ። «ሽማግሌ እስኪመጣ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ» ብላ አስምላኛለች፤ ለማንም አልተነፈስኩም። እናንተም ብትሆኑ ያነበባችሁት እንጂ የሰማችሁት ነገር የለም። እህቴ ፀዳለ ደግሞ ማንም አይደለችም፣ የገዛ እህቴ ናት፤ ወደ ደራ የሚሄደው አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ ይዟት ሊሄድ ነው። ለስምንት ሩብ ጉዳይ፣ ሳልነግራት ልታመልጠኝ ነው! ነጠላዬን የት ጣልኩት?