እኔን የጠበቀ ቅቤ

ደብረ ታቦር በተከራየኋት ክፍል መስኮት ላይ የዘይት ጠርሙስ ደርድሬ ነበር። የጉሎ አለ፣ የኮኮናት አለ፣ ስሙን በቅጡ የማላነበው የውጭ አገር ዘይት አለ። ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው ሙስሊም ባልቴት ደግሞ ፀጉሬን አይተው አዝነውልኝ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሰጥተውኛል። ዓመታት ስተኩሰው የኖርኩት ፀጉሬ በግንባሬ ግራና ቀኝ ሳስቶ፣ የራሴ ቆዳ ደርቆ ይቀረፍ ነበር። ጠዋት ጠዋት እቀባለሁ፣ አሻለሁ፣ መስታወት አያለሁ። የሚበቅል የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። እኔ የጉና ሥር ልጅ፣ ቅቤ እየተቀባሁ ያደግሁት፣ የፀጉር መድኃኒት በጠርሙስ ስፈልግ!

እውነቱን ልናገርና፣ የናፈቀኝ ፀጉሬ ብቻ አልነበረም። የእናቴ ጉልበት ናፍቆኝ ነበር። ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን ካጠበችኝ በኋላ በጉልበቶቿ መካከል ታስቀምጠኝና፣ በብርዱ እንደ ድንጋይ የጠጠረውን ለጋ ቅቤ በመዳፏ እያሸች ታለሰልሰዋለች። ከዚያ ፀጉሬን በሚዶ እየከፈለች ቆዳውን ትቀባኛለች። ሥሩ ካልጠጣ ጫፉ ምን ይፈይዳል ትል ነበር። ሹሩባው ሲያመኝ ከተነጫነጭኩ በጉልበቷ ጠበቅ ታደርገኛለች። ከተማ ለትምህርት ስገባ ግን ልጆቹ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ እያሉ ሳቁብኝ። እኔም ለበዓል ስመለስ፣ ሁለተኛ ራሴን በቅቤ እንዳትነኪው አልኳት። አልተቆጣችም። የቅቤውን ቅል ከድና ወደ ቦታው መለሰችው። ምነው ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ።

አንድ ቅዳሜ ጠርሙሶቼን ትቼ ወደ እሷ ወጣሁ። አባቴ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ከደጅ ሳያት ክው አልኩ፤ ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም። ሻሿ ሸርተት ሲል ያየሁት ፀጉሯም አመድ መስሎ ተሰባብሯል። በእኛ አገር ባሏ የሞተባት ሴት ራሷን ቅቤ አታስነካም። ሙት ዓመቱ ሲወጣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ይብቃሽ ብሎ፣ ቅቤ ቀብቶ ከሐዘን ያወጣታል። የአባቴ ሙት ዓመት ከወጣ ደግሞ ዓመት ሆኖታል።

ቅቤ እንድትቀባኝ ለመንኳት። በሐዘን እጇ የልጇን ራስ እንደማትነካ ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ለምን በጥቁር ትቀመጫለሽ ብዬ ተቆጣኋት።

ነገሩን ያወጡት የጎረቤታችን አሮጊት ናቸው። ለካ በሙት ዓመቱ ቀን ሴቶቹ ቅቤውን አዘጋጅተው፣ የበኩር ልጅ እጅ ይቅደም ብለው ሲፈልጉኝ የለሁም። እኔ ካህናቱ ባርከው እንደወጡ የመጨረሻው መኪና እንዳያመልጠኝ ሮጫለሁ። እኛ እንቀባሽ ቢሏት፣ ልጄ ስትመጣ ብላ እምቢ አለች። እኔ ዘመዶቹ ቀብተዋታል ብዬ፣ እነሱ ልጅቱ ትመጣለች ብለው፣ እናቴ ዓመት ሙሉ በጥቁር ተቀምጣለች። እሁድ እሁድ እየደወልኩ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ገብሱ፣ ስለ በጎቹ እጠይቃለሁ። ስለ ራስ ፀጉሯ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

«ምነው ነይና ቅቢኝ ብትይኝ?» አልኳት።

«አንቺ የቅቤ ሽታ አትወጂ፣ ሆዴ» አለችኝ። «እጅሽ ላይ ይቀርብሻል ብዬ ነዋ።»

ተነስቼ የቅቤውን ቅል አወረድኩ።

መደቡ ላይ ተቀምጬ እሷን ከእግሬ ሥር አስቀመጥኳት። ቅቤውን በመዳፌ አሽቼ መሃል አናቷ ላይ ሳደርገው፣ የደረቀው ቆዳዋ ወዲያው ጠጣው። ደገምኩ፤ ጠጣው። እያለቀስኩ ቀባኋት፤ አሮጊቷም ከእንግዲህ ሐዘን አይድረስባችሁ ብለው መረቁን። እናቴ ጥቁሩን አወለቀች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያ ወደ መደቡ ጠራችኝ። ጣቶቿ አርጅተው ሹሩባው አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን ወጣ። ቅቤው አንገቴ ላይ እየወረደ በመኪና ወደ ከተማ ስመለስ ማንም ቢያየኝ ግድ አልነበረኝም።

ስድስት ወር ሳይሞላ እናቴ አረፈች።

አሁን ጥቁሩን የለበስኩት እኔ ነኝ። ሙት ዓመቷ ከወጣ በኋላ አሮጊቷ ቅቤ በጨርቅ ቋጥረው ደብረ ታቦር ድረስ መጡ። ይብቃሽ፣ ራስሽን ስጭኝ አሉኝ። ሐዘን ሲበዛ እግዜርን መቆጣት ነው ብለውም መከሩኝ። ልክ ናቸው። ጉልበታቸውን ስሜ እምቢ አልኳቸው።

«እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ራሴን መጨረሻ የቀባችኝ እሷ ናት። በእሷ እጅ ላይ የሌላ ሰው እጅ እንዲደረብብኝ ገና አልቻልኩም።»