ውባንቺ አልጠብቅም ያለች ጊዜ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ የነበረችው ውባንቺ አዲስ አበባ ሳለች የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ደርግ ወንድሟን አስሮ የት እንዳደረሰው አልናገር ሲላት፣ እግሬ አውጪኝ ብላ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ገባች። እዚህም የምትበላው በጣቶቿ ነው። ኪሊማኒ ሰፈር ያለ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሪፖርቱን ይሰጣታል፣ እሷ በአሮጌ የጽሕፈት መኪና ትመታለች። አንድ መስመር ከተሳሳተ ገጹ እንዳለ እንደገና ይመታል።

በ1982 ኅዳር ላይ ድርጅቱ ቁርጡን ነገራት። ከጃንዋሪ ጀምሮ በዲስኬት ያልመጣ ሥራ አይቀበሉም፤ ኮምፒውተር ከሌላት ሌላ ሰው ይፈልጋሉ። ያጠራቀመችው ገንዘብ ፓርክላንድስ ሰፈር ሱቅ ያየችውን ቱ-ኤይቲ-ሲክስ የሚሉትን ኮምፒውተር ለመግዛት ይበቃል። ተሳስታ ሌላ ለመግዛት ግን አይበቃም።

እኛ አበሾች ደግሞ ምክር አይቸግረንም። ስሪ-ኤይቲ-ሲክስ የሚባል ፈጣን ፕሮሰሰር ያለው አዲስ ኮምፒውተር ሞምባሳ ወደብ ሊገባ ነው፣ እሱ ሲመጣ አሮጌውን በነጻም የሚወስደው የለም ተባለ። ወሬውን ከሁሉ በላይ ያዛመትኩት እኔ ነኝ። ሬዲዮ ጠጋኝ በመሆኔ አዋቂ ነኝ ባይ ነበርኩ። ሦስት ጊዜ ጠብቂ አልኳት።

አንድ ቅዳሜ ለመጨረሻ ጊዜ ልትጠይቀኝ ክፍሌ መጣች። እኔ ሳወራ እሷ ቤቱን ታያለች። መሬት ላይ የተነጠፈ ፍራሽ፣ እንደ ጠረጴዛ የምገለገልበት የታሸገ ሻንጣ፣ ሌላ ምንም የለም። በዚያ ሕንጻ ግማሾቻችን የካናዳ ቪዛ እየጠበቅን እንዲሁ ነበር የምንኖረው። ነገ ካናዳ ለሚሄድ ሰው አልጋ ምን ያደርግለታል?

«ሥዩም፣ አልጋ የማትገዛው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ልሄድ ነዋ።»

«መቼ?»

የሻንጣውን ቀበቶ ማጥበቅ ጀመርኩ።

«እኔ ወንድሜ እስኪፈታ ጠብቄአለሁ። ደርግ እስኪወድቅ እየጠበቅኩ ነው። ዕቃ ግን አልጠብቅም» ብላ ወጣች።

ሰኞ ገዛችው። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ስክሪኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ስትመጣ ረዳቱ የሁለት ሰው ክፈይ ቢላት፣ ይህ ሰው አይደለም፣ እንጀራዬ ነው ብላ ድርቅ አለች። እኛም ገንዘቧን ውኃ በላው አልን። እሷ በጃንዋሪ የመጀመሪያውን ዲስኬት ኪሊማኒ አደረሰች።

ሚያዝያ ላይ ስሪ-ኤይቲ-ሲክስ እውነትም ፓርክላንድስ ደረሰ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ይህን ያህል ክፉ መሆኔን አላውቅም ነበር። ለካናዳ በየዓመቱ የማስገባውን ማመልከቻም ልታዘጋጅልኝ ስለነበር፣ በዚያው ልነግራት ሄድኩ።

«አላልኩሽም? መጣ፣ ያውም በርካሽ» አልኳት።

«ይምጣ። እኔ አምስት ወር ሠርቼበታለሁ» ብላ ማመልከቻዬን ስክሪኑ ላይ አወጣችው። ለካ የአምናውን ኮምፒውተሩ ላይ ጽፋ አስቀምጣዋለች። ከዚህ በፊት ከላይ እስከ ታች እንደ አዲስ ስትመታው እኔም አዲስ ነገር የጠየቅኩ ይመስለኝ ነበር።

«ምን የሚቀየር ነገር አለ?» አለችኝ።

አሰብኩ። ስሜ ያው፣ ሥራዬ ያው፣ የማስመጣው ቤተሰብ የለኝ፣ አድራሻዬ እንኳ የሰው ፖስታ ሳጥን ነው።

«ናይሮቢ ሰባት ዓመት የሚለውን ስምንት በዪው» አልኳት። አንድ ቃል አጥፍታ አንድ ቃል ጻፈች፣ አለቀ። የስምንት ዓመት ኑሮዬ ያ ብቻ ሆነ። አፈርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ።

በማግስቱ ከጊኮምባ ገበያ የጣውላ አልጋ ገዝቼ በእጅ ጋሪ አስገፍቼ አመጣሁ። ጎረቤቶቼ በረንዳ ላይ ቆመው ሳቁብኝ፤ ሥዩም፣ ካናዳ ቀረ እንዴ? አሉ።

«አልቀረም» አልኳቸው። «እስኪመጣ ግን አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነው የምጠብቀው።»