የለ ሊኞኑ ሳሙራይ

ኅሩይ ሳሙራይ የሆነው ዕድሜው ወደ ሃምሳ ሲጠጋ፣ ጄኔቫ ለ ሊኞን ሰፈር በሚገኘው የሚስቱ ቤት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ነው። ከዚያ በፊት ኦ ቪቭ በሚባል ሰፈር ውስጥ የአንድ ልብስ መደብር ጥበቃ ነበር። ሥራው ከባድ አልነበረም፤ ከባዱ እሱ ነው።

በብርዱ ወራት ስለ ጥንት ጃፓን መሳፍንት የሚተርክ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። ሳሙራይ የሚባሉ ጎራዴ የታጠቁ ወንዶች ለክብር ይሞታሉ፤ ሎሌዎች ግንባራቸው መሬት እስኪነካ ይሰግዳሉ። ሌላው ሰው አይቶ ይተኛል። ኅሩይ ግን ከሰጋጆቹ መሀል ራሱን አላየም፤ ያየው የሚሰገድለትን ነው። "አያቴ እኮ ቀኛዝማች ነበሩ" ማለት አመጣ። ከዚያ በፊት እኚሁ አያት ጨው ነጋዴ እንደነበሩ እኛ የጄኔቫ ወዳጆቹ የሰማነው ከራሱ አፍ ነው።

የመደብሩ አለቃ ወጣት ሴት ናት። አንድ ቀን በማርፈዱ ስትቆጣው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ አፈጠጠባት። በማግሥቱም እንዲሁ። አባረረችው። ለእኛ ግን "ለክብሬ ስል ለቀቅሁ" አለን። ክብሩን የምትቀልበው እንግዲህ ሚስቱ እድላዊት ሆነች። እሷ ዲፕሎማት ቤት ስታበስልና ልብስ ስትተኩስ ውላ ትመጣለች፤ እሱ ወለል ላይ ተኮፍሶ ሻዩን በሁለት እጇ እንድታቀርብለት ይጠብቃል። መጀመሪያ እየሳቀች ሰጠችው። ኋላ መሳቁን ተወች።

በሰኔ የእድላዊት ታናሽ እህት ብፅዓት ዙሪክ ላይ ተሞሸረች። እንግዳ የሚያስቀምጠው ወንድማቸው ሮቤል፣ ኅሩይን በሩ አጠገብ አስቀመጠው። ሰውየው በላ፤ ደገመ። መደፈሩ ትዝ ያለው ከጠገበ በኋላ ነው። ተነሥቶ ሙሽሮቹ ፊት ቆመ።

"ሮቤል! ተንበርክከህ ይቅርታ ጠይቀኝ!"

"ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?"

"በር ላይ አስቀመጥከኝ! ክብር በሚታወቅበት አገር እንዲህ የተዋረደ ሰው ሆዱን በጎራዴ ይዘረግፋል!"

እድላዊት ተነሥታ ከሙሽሮቹ ጠረጴዛ ላይ ረጅሙን የኬክ ቢላ አነሣች፤ ጎንበስ ብላ አቀረበችለት።

"እንካ" አለችው። "ስትጨርስ ግን እጠበው። ኬኩ ገና አልተቆረሰም።"

ቢላውን ተቀበለ። ሆዱን አየ፤ በሩን አየ። ከዚያ ቢላውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰና "እዚህ ለቀልድ አልመጣሁም" አለ። መጀመሪያ ሙሽራዋን ሳቅ አመለጣት፤ ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

እድላዊት አልሳቀችም። ወደ ጄኔቫ በሚመለሰው ባቡር ውስጥ "አዋረድሽኝ" አላት።

"በዚያ ቢላ አንድ ነገር ብታደርግ ኖሮ ሁሉንም እተውልህ ነበር።"

"ምን?"

"ኬኩን ብትቆርስበትና አብረኸን ብትስቅ። ከነገ ጀምሮ ማደሪያ ፈልግ።"

በማግሥቱ ሻንጣውን ይዞ ከለ ሊኞን ወጣ።

ከሐሜት ለመሸሽ ዙሪክ ገባ፤ ሐሜቱ ወደተወለደበት ከተማ! ዛሬ አንድ ምግብ ቤት ሳህን ያጥባል፤ ጆሮ ለሰጠው ሁሉ ሚስቱ ክብር የማታውቅ እንደነበረች ይናገራል። እድላዊት ለ ሊኞንን ለቅቃ እዚያው ጄኔቫ ሻትሌን ሰፈር ውስጥ ጠበብ ያለች ቤት ተከራይታለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዋና ትማራለች። ስለ እሱ ሲጠይቋት "ደህና ነው መሰለኝ" ትላለች እንጂ ክፉ ቃል አይወጣትም።

እኔ ያን ያህል ጨዋ አይደለሁም።