ክሪስታሏን ያስጨነቀው ሞተር

ሸሕዲ ሬዲዮ ስልክ ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊው ጋሼ መኮንን ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፉልኝ።

«ምን ይሰማሻል?»

«ሽሽ የሚል ሽሽታ አለ። የሚያወራውም ሰውዬ ድምፅ ይንቀጠቀጣል።»

«ስንተኛው ቻናል ላይ?»

አንድ በአንድ ቀያየርኩ። «ሁሉም ላይ ነው፣ ጋሼ።»

«የኔም በሽታ እሱ ነው!» አሉና ሳቁ።

ዘመኑ የደርግ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር፤ እኔም ከማሠልጠኛ ገና የወጣሁ ቴክኒሻን። ሰሊጥ ሊያጭድ ከጎጃምና ከወሎ የወረደው ሠራተኛ ከተማውን ሞልቶታል። የመተማ ነጋዴም ወደ ጎንደር የሚደውለው በኛ በኩል ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። በአንድ የሬዲዮ መስመር ብዙ ሰው በአንዴ ይነጋገራል። እያንዳንዱ ንግግር የራሱ ተሸካሚ ሞገድ አለው፤ ሞገዶቹ ሁሉ ግን ልካቸውን የሚወስዱት ኦሲሌተር በሚባለው ሳጥን ውስጥ ካለች፣ እንደ ሰዓት እኩል ከምትመታ ክሪስታል ከምትባል አንዲት ቅንጣት ድንጋይ ነው። እሷ ምቷን ካልሳተች ድምፁ ጥርት ይላል። ከተንቀጠቀጠች ግን ሁሉም ይታመማል፣ አንዱ ንግግርም በሌላው ላይ ይፈስሳል። ማሠልጠኛ «ፌዝ ኖይዝ» ብለው ነበር ያስተማሩን። ለጋሼ መኮንን ይህንኑ ብላቸው፣ «የምን ፌዝ? የምሬን ነው የማወራሽ!» አሉኝ። ቃሉን ከኔ በፊት ያውቁታል፤ መቀለዳቸው ነው።

እሳቸው የየቻናሉን ካርድ በመለዋወጫ ቀይረው ጨርሰዋል። ለውጥ የለም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ የጤና ጣቢያው ድሬሰር አያሌው እየሮጠ ገባ። ጥሩዬ የምትባል ለአጫጆቹ ምግብ የምትሠራ ነፍሰ ጡር በወባ ራሷን ስታለች። «ነፍሰ ጡር እንዲህ ጠንቶባት አጋጥሞኝ አያውቅም፤ የጎንደሩን ሐኪም ቶሎ አገናኙኝ!» አለ።

አገናኘነው። ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ነገረው።

«ስድስት ነው ስምንት? ዶክተር፣ ይድገሙልኝ! ስድስት ወይስ ስምንት?»

መልሱን ጩኸቱ ዋጠው። ሌላ ቻናል ሰጠነው፤ ያው ነው። አያሌው ላቡ ይንቆረቆራል።

ወደ መሣሪያው ክፍል ሮጥኩ። ማዳመጫዬን ሰክቼ በካቻቢቴ እጀታ የቻናሎቹን መደርደሪያ መታ መታ አደረግኩ። ምንም የለም። የኦሲሌተሩን ሳጥን ስመታ ግን ሁሉም ቻናል አንድ ላይ ጮኸ! መዳፌን ሳጥኑ ላይ አሳረፍኩ። ይርዳል። የሚያንቀጠቅጠው ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጄኔሬተር ነበር።

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያጥፉት!»

«አብደሻል? ሞተሩ ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ ደካማ ነው። መስመሩ ከጠፋ እኔም አንቺም ታስረን ነው የምናድረው!»

«ክሪስታሏን የሚያንቀጠቅጣት እሱ ነው። ይኸው፣ ይንኩት!»

ነኩት። ፊታቸው ተለዋወጠ። ሮጠው ወጡ፤ ሞተሩም ተንተፋትፎ ዝም አለ።

ጩኸቱ እልም አለ። ሐኪሙ አጠገባችን የቆመ ይመስል፣ «ስድስት! ስድስት ነው የምልህ፣ ትሰማኛለህ?» ሲል ሁላችንም ሰማነው። አያሌው ቁጥሩን ደግሞለት አረጋገጠና ተፈተለከ። እኔ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ጋሼ መኮንን ኮፍያቸውን ወደ ጣሪያው ወረወሩት።

ባትሪው ሳያልቅ ሞተሩን መልሰን አስነሳን። በማግስቱ ካረጀ የትራክተር ጎማ ወፍራም ላስቲክ ቆርጠን ከሞተሩም ከኦሲሌተሩም ሥር አነጠፍን። ሽሽታው ጨርሶ አልጠፋም፤ ንቅጥቃጤው ግን ተወን።

ጥሩዬ ዳነች። በጥር ሕፃን ታቅፋ መጣችና ደብረ ማርቆስ ላለው ወንድሟ ደወለች። «ሴት ናት! ስማት፣ ስታለቅስ ስማት!» ብላ ልጅቷን ወደ ስልኩ ስታስጠጋ፣ የሕፃኗ ለቅሶ ጥርት ብሎ ሄደ።

ለአዲስ ቴክኒሻኖች የምለው ይህን ነው፦ ብልሽቱ ሁሉም ቻናል ላይ ከሆነ ቻናሎቹን መፍታት ተዉ። የሚጋሩትን ፈትሹ።