ዋልካ የያዘው በር

ሰሞኑን የቤቴ በር ወለሉን እየፈተገ አልዘጋ አለኝ። የጠራሁት አናጢ «ዝናቡ እንጨቱን አሳብጦት ነው፣ ቀላል ነው» ብሎ መላጊያውን አነሳ። እኔ ግን የፍትጊያውን ድምፅ ስሰማ የአባቴ ቤት በር ትዝ አለኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

አባቴ ከደጋ ወደ ኮኪት፣ ወደ ሱዳን ጠረፍ ቆላ፣ የወረደ ሰው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በሣር ጎጆ ሲኖር እሱ እንደ አገሩ የድንጋይ ቤት ካልሠራሁ አለ። መሠረቱን የቆፈረው በበጋ ነው። ጥቁሩ አፈር፣ ዋልካው፣ ደርቆ ዶማ ያነጥር ነበርና «ለዶማ ያልተበገረ መሬት ለቤት ይበገራል?» እያለ ይስቅ ነበር። ጎረቤታችን ባልቴት «ኧረ ተው ልጄ፣ ይች ዋልካ ክረምት ሲገባ ሊጥ ናት። ድንጋይ አትሸከምልህም» አሉት። አልሰማቸውም። ዛሬ እዚያ የሚገነቡ ሰዎች ዋልካውን ጠርገው አውጥተው ጠጠርና ቀይ አፈር ይሞሉበታል አሉ። ያኔ ለእኛ ማን ነገረን?

ደርግ ወጣቱን እያፈሰ ወደ ጦር ሜዳ የሚልክበት ጊዜ ነበር። አባቴ ለታላቅ ወንድሜ ብሎ በጓዳ በኩል ሁለተኛ በር አወጣ። ሐሳቡ፣ ውሻ ሲጮህ ወንድሜ በዚያ ወጥቶ ማሽላው ውስጥ እንዲገባ ነው፤ ከማሽላው ወዲያ ሱዳን ቅርብ ነው። እስከዚያው በሩ እንደተቀረቀረ እንዲቆይ አዘዘ። ክረምት ሲገባ ግን ግድግዳው ሰው ከማታሾልከው ከጠባቧ መስኮታችን ሥር ጀምሮ ተሰነጠቀ። አባቴ አንዱን በጭቃ ሲደፍን በማግሥቱ ሌላ ይከፈታል። እናቴ «እባክህ ያን በር ከፍተህ ሞክረው» ትለዋለች። «ሰው ያያል» ይላታል።

አንድ ጧት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ውሻችን ጮኸ። ታጣቂዎች በፊት ለፊት መጡ። ወንድሜ ሮጦ የጓዳውን መቀርቀሪያ አወጣና ሳበ። በሩ ንቅንቅ አላለም። ዋልካው አብጦ ወለሉን ወደ ላይ ገፍቶታል፣ መቃኑም ተጣሟል።

«እምቢ አለ፣ አባየ!»

«ሳበው! ሳበው!»

አባቴ ጥፍሩ እስኪደማ አብሮት ሳበ። እኔም የወንድሜን ወገብ ይዤ እያለቀስኩ ሳብኩ። ታጣቂዎቹ እዚያው ደረሱብን።

ወንድሜን ሲወስዱት ጭቃው ጫማውን አስቀረበትና በባዶ እግሩ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ «አባየ፣ ስመጣ እንኳ ይከፈትልኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ወሬው አልመጣም።

በታኅሣሥ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጠቀ። አንድ ቀትር ላይ እናቴ ማሽላ ስታበጥር ያ በር በራሱ ሲጥ ብሎ ተከፈተ፤ ጓዳው በብርሃን ተሞላ። ሰፌዷን ጥላ ተነሳች።

«መጣህ?» አለች።

ማንም አልነበረም። አባቴ ሊዘጋው ሲሄድ እጁን ያዘችው።

በሚቀጥለው ክረምት ዋልካው እንደገና አበጠና በሩን ክፍቱን ያዘው። ዝናቡ ጓዳ ድረስ እየገባብን ከረምን። ይዘጋ ያለ ሰው ግን አልነበረም።